ሦስት ዱባ ለሂባ

ባምባሲ መናኸሪያ ከሚቆሙት ሚኒባሶች መካከል የጋዲሴ እጅ ያልነካው ቢፈለግ አይገኝም። ጋዲሴ የመኪና ወንበር ታለብሳለች። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት አለቻት፤ ውስጡ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ጣሳ ማስቲሽና እስከ ጣሪያው የተቆለለ ስፖንጅ ነው። ሾፌሮቹ «የጋዲሴ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተሳፋሪ ደረስክ ቢሉት እንኳ መውረድ አይፈልግም» እያሉ ያሞካሿታል። እሷ ደግሞ አንገቷን ሰብራ «ኧረ ምን ሠራሁ» የምትል ዓይነት ሴት አይደለችም። «ታዲያ ምን መስሎህ ነበር?» ትላለች።

ሙያውን የጀመረችው ግን ለሙገሳ ብላ አልነበረም። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከወለጋ ወደ ባምባሲ ስትመጣ፣ የአንድ ዓመት ልጇን ሌንጂሳን ጭኗ ላይ አድርጋ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። መንገድ ላይ በሬ ገባ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ልጁ ከእጇ አፈትልኮ ከፊት ለፊቱ ወንበር ብረት ጋር ተላተመ። እግዜር ይመስገን፣ ልጁ ዳነ፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ቀረ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም። ያን ቀን ማንም ምንም አላላትም። እሷ ግን ለራሷ «አጥብቄ አልያዝኩትም» አለችና ነገሩን በልቧ ቆልፋ ባምባሲ ገባች። በሳምንቱ ስፖንጅ ገዝታ፣ የአንድ ሚኒባስ ሾፌር ለምና፣ የወንበሮቹን የጀርባ ብረት አንድ በአንድ ሸፈነች። የመጀመሪያ ሥራዋ ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብረት ባየችበት ሁሉ ስፖንጅ ሳታለብስ አልፋ አታውቅም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አይመን ሚኒባሱን ማንጎው ሥር አቆመ። አይመን የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ከባምባሲ አሶሳ ይሠራል፤ የሚኒባሱን ወንበሮችም ከአራት ዓመት በፊት ያለበሰችለት ራሷ ጋዲሴ ናት። እሱና ሚስቱ ዋፋ ስምንት ዓመት ልጅ ጠብቀው፣ ሂባ ከተወለደች ገና አራት ወሯ ነው። ከዚያ ወዲህ አይመን መንገድ ላይ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ እያስቆመ የልጁን ፎቶ ከስልኩ ሲያሳይ ይውላል፤ አንዳንዱ ሰውዬ ሦስቴም አራቴም አይቷታል።

«አዴ ጋዲሴ፣ ወንበር ፈልጌ መጣሁ» አላት።

«ምን ሆነብህ? ተቀደደ?»

«የእኔ አይደለም። የሂባ ነው።»

«ሂባ የአራት ወር ልጅ ናት፤ ምን ወንበር ያስፈልጋታል?»

«የመኪና። ሸርቆሌ አይቼ ነው፣ የእርዳታ መኪና ውስጥ። ሕፃን ለብቻው ወንበር አለው፣ ታስሮ ይሄዳል።» አይመን እጁን ደረቱ ላይ አመሳቀለ። «አርብ ሸርቆሌ እንሄዳለን። የዋፋ እናት ጉልበቷ እምቢ ብሏት፣ ልጅቷን እስከዛሬ አላየቻትም። እኔ ደግሞ ሾፌር ነኝ፣ ፍሬን ስይዝ ሰው እንዴት እንደሚወረወር በመስታወት አያለሁ። ስምንት ዓመት ጠብቄ ያገኘሁት ልጅ ነው፤ ወላሂ፣ ጭን ላይ አድርጌ አልነዳም።»

ጋዲሴ መቀሱን አስቀመጠች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰው አፍ ልትሰማው የፈለገችውን ነገር፣ ይሄ ጎልማሳ ሰልፍ ላይ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጎ ነገራት። ቤቷን ቆለፈች፤ የያዘችውን የሰው ሥራ እንኳ አልጨረሰችም። «ተነሳ፣ አሶሳ እንሂድ» አለችው።

አሶሳ ገበያ ውስጥ ኪዳኔ የሚባል ነጋዴ አለ፤ የሕፃን ዕቃ ይሸጣል። ሁለት የመኪና ወንበር ነበረው። አንዱ ሮዝ፣ ወፍራም፣ አሻንጉሊት የተንጠለጠለበት፣ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፈው ሰው የሌለ ነው። ሁለተኛው ግራጫ፣ ደረቅ፣ ገና ላስቲኩ ያልተፈታ ነው። አይመን ሳያስበው እጁን ሮዙ ላይ አሳረፈ፤ ኪዳኔም ወዲያው «ይሄ ለልዕልት ነው» አለ።

ጋዲሴ ሮዙን ወንበር እንደ ዶሮ ገለበጠችው። ሰው ወንበር ሲገዛ ላዩን ያያል፤ እሷ የምታየው ሆዱን ነው። ጨርቁን ገልጣ የፕላስቲኩን ጀርባ በአውራ ጣቷ ስትዳስስ፣ ፀጉር የምታክል ነጭ መስመር ተሰማቻት።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከሰው ነው የገዛሁት እህቴ። ብዙም አልተሠራበትም።»

«ተሰንጥቋል። አንዴ ተመትቷል፤ ማን እንደመታው፣ ከምን ጋር እንደተላተመ አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። የተሰነጠቀ ወንበር ላይ ሳር የተሞላ ጆንያ እንኳ አላስቀምጥም።»

ኪዳኔ ሮዙን ወደ ጎን አደረገው። ጋዲሴ ወደ ግራጫው ዞረች። ላስቲኩን አስፈታች። ማሰሪያዎቹን እየጎተተች ስፌቱን መረመረች፤ መቆለፊያውን ቆለፈች፣ ከፈተች፣ ደግማ ቆለፈች፤ ጎኑንና ጀርባውን በጡጫዋ መታ መታ አደረገችና ጆሮዋን አስጠጋች። ስንጥቅ የለበትም፤ ድምፁ ሙሉ ነው።

«አጥንቱ ጥሩ ነው» አለች።

«ግን ደረቅ ነው አዴ ጋዲሴ። ልጅ እንዴት ይተኛል?»

«ማለስለሱን ለእኔ ተወው» አለች ጋዲሴ፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያደረገችው ሁሉ ልክ ነበር። ከዚህ በኋላ ያደረገችውን ደግሞ ጋዲሴን የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ይገምተዋል። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሠራች፤ ምሳ አልበላች፣ ሰው አላነጋገረች። ከወንበሩ ጋር የመጣውን ስስ ልብስ ገፈፈችና ጣለች። ከሥሩ አራት ጣት የሚሆን ምርጥ ስፖንጅ፣ ከጀርባው ሦስት፣ ከጎኖቹ ሁለት ሁለት ጣት አስገባች። ከላይ ለሙሽራ መኪና ያስቀመጠችውን ቀይ ከፋይ ሰፋችበት፤ ጎኑ ላይ የተለጠፉት ሥዕሎች የሥራዋን ውበት ስላበላሹባት እነሱንም አብራ ሸፈነች። ስትጨርስ በመዳፏ ጫን አደረገችው፤ መዳፏ ሰመጠ። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። እዚህ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ብረት የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አያውቅም ብላ አሰበች።

ሐሙስ ከሰዓት አይመን ዋፋንና ሂባን ይዞ መጣ። ዋፋ ወንበሩን ስታይ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ወንበሩ የት ይታሰር ሲባል ክርክር አልነበረም፤ ጋቢና ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ቢሆን፣ ሼህ ቢሆን፣ ቄስ ቢሆን፣ ሙሽራ ብትሆን፣ የተከበረ ሰው ጋቢና ይቀመጣል፤ ስምንት ዓመት የተጠበቀች ልጅ ኋላ ትቀመጥ ብሎ የሚያስብ ማን ነው? በዚያ ላይ በሚኒባሱ ውስጥ ቀበቶ የሚታየው ጋቢና ብቻ ነበር። ወንበሩን ፊቱን ወደ መንገዱ አድርገው፣ ሂባ አገሩን እያየች እንድትሄድ፣ በቀበቶው አሰሩት።

ዋፋ ሂባን ልታስቀምጥ ስትል አይመን ከለከላት። «ቆይ። መኪና ከጋራዥ ሲወጣ መጀመሪያ ፍሬን ይሞከራል። ወንበርም ይሞከር።»

«በምን?» አለች ዋፋ።

ጋዲሴ ከጎረቤቷ ከጥሩሰው ጉሊት ዱባ አስመጣች። የእህል ሚዛን ላይ አስቀመጡት፤ ስድስት ኪሎ ተኩል፣ ልክ ሂባን ያህላል። አንዱ ቀልደኛ የሂባን ኮፍያ አጠለቀለት። ዱባው ቀይ ከፋዩ ላይ በክብር ተቀመጠ፤ ማሰሪያው ከላዩ ተቆለፈ፤ ሰዉ በሳቅ ሞተ። አይመን ባዶውን የገበያ ሜዳ አንድ ጊዜ ዞረና፣ ፍጥነት ጨምሮ ሲመለስ፣ ፍሬን ያዘ።

ዱባው ሰገደ። ያ ሁሉ ስፖንጅ በአንድ ጊዜ ተጨፈለቀ፤ ጥብቅ የመሰለው ማሰሪያ እጅ የሚያስገባ ሆኖ ላላ፤ ዱባውም በሥሩ ሾልኮ ከዳሽቦርዱ ጋር ተጋጨና ለሁለት ተከፈለ። ኮፍያዋ ከመሪው ሥር ወደቀች።

ሳቁ ቆመ። ዋፋ ሂባን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። «አልፈልግም» አለች። «ወንበር አልፈልግም። እኔ ልጄን ጭኔ ላይ ይዤ እሄዳለሁ። ከእናት እጅ የሚበልጥ የለም።»

ጋዲሴ የተናደደችው በዋፋ አልነበረም። የተናደደችው በራሷ ነው፤ ከመናደድም አልፎ ፈራች። በዚህች ምድር ላይ አንድ እናት ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መንገድ እንዳትወጣ የምትመኝ ሰው ብትኖር እሷ ናት፤ እሷው ናት እንግዲህ በገዛ እጇ ዋፋን ወደ ጭን የመለሰቻት። ስለ ሌንጂሳ ልትነግራት ፈለገች፤ አፏ እምቢ አለ። «ሁለት ሰዓት ስጪኝ» አለች ብቻ። «ሁለት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ያልሽውን አድርጊ።»

ዋፋ አልሄደችም፤ ማንጎው ሥር ተቀመጠች።

ጋዲሴ ወንበሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ምላጭ አነሳች። የገዛ ሥራን መተርተር እንዴት እንደሚያም የሚያውቅ ሰፊ ብቻ ነው። ከፋዩን ቀደደች። ስፖንጁን አወጣች፤ አራት ጣቱን፣ ሦስት ጣቱን፣ ሁሉንም። ጎኑ ላይ የሸፈነቻቸው ሥዕሎች ብቅ አሉ፤ የሥራዬን ውበት አበላሹብኝ ብላ የቀበረቻቸው። አሁን አንድ በአንድ አየቻቸው። አንደኛው ሥዕል ላይ ሕፃኑ ፊቱ ወደ መኪናው ኋላ ነው። ሌላው ላይ ጋቢና ተሰርዞ የኋላ ወንበር ላይ ምልክት ተደርጓል። ሌላው ላይ ከልጁ ሥር ወፍራም ትራስ አለ፤ ትራሱ ላይ ቀይ ኤክስ። ማሰሪያው ደግሞ፣ ከደረት ጋር ተጣብቆ ከሥሩ ጣት ብቻ የሚያስገባ እንዲሆን ተስሏል።

«አይመን፣ ና እይ» አለች። «ወንበሩ ሁሉን ነገር ነግሮኝ ነበር። እኔ ነኝ አፉን የሰፋሁት።»

የጣለችውን ስሱን ልብስ ከቆሻሻው መሀል ፈልጋ አራገፈችና መልሳ አለበሰችው። ወደ ሚኒባሱ ገባች፤ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር መስኮት ዳር መረጠች። ቀበቶ ፈለገች፤ የለም።

«ይሄ መኪና ኋላ ቀበቶ የለውም እንዴ?»

አይመን ጆሮውን አከከ። «ነበረው።»

«የት ሄደ?»

«አንቺ ነሽ አዴ ጋዲሴ። ወንበር ስታለብሺ፣ ይጎረብጣል አልሽ፣ ከሥር አስገብተሽ ሰፋሽው። እኔም እሺ አልኩ።»

ጋዲሴ ምላጩን አነሳችና ከአራት ዓመት በፊት ባምባሲን ያስደነቀውን ያንን ወንበር ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው። ቀበቶው ከነአቧራው ወጣ፤ ጎትታ ሞከረችው፤ ያዘ። ወንበሩን ፊቱን ወደ ኋላ አድርጋ አሰረችው፤ የልጅቷ አንገት ወደፊት እንዳይደፋ ጎኑ ላይ በተሰመረው መስመር ልክ ጋደል አደረገችው፤ በጉልበቷ ተጭና ቀበቶውን እስኪጮህ ድረስ ሳበችው። ከዚያ ይዛ ነቀነቀችው፤ ወንበሩ ሳይሆን ሚኒባሱ ተነቃነቀ። አሁንም ግን ጋዲሴ ጋዲሴ ናትና፣ ምቾትን ሙሉ በሙሉ ልትተው አልቻለችም፤ ለመስኮቱ የአሶሳን ፀሐይ የምትከልል ትንሽ መጋረጃ ሰፋች። መጋረጃ ማንንም አይጎዳም።

ጥሩሰው ሁለተኛ ዱባ ላከች፤ በዚያን ቀን ገበያዋ ደርቶላታል። ኮፍያው ተጠለቀለት። አይመን ሜዳውን ዞሮ፣ ከቅድሙ ባሰ ፍጥነት መጥቶ፣ ፍሬን ያዘ። አቧራው ሁሉንም ሸፈነ። ጋዲሴ ሮጣ በሩን ከፈተች። ዱባው ኮፍያውን እንዳደረገ ወንበሩ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ጥሩሰው እልል አለች፤ ሰዉም ተከተላት። አይመን ጋዲሴን ሊያቅፋት ምንም አልቀረውም።

ዋፋ ግን አልተነሳችም። ሂባን ለጥሩሰው ሰጠቻትና «እኔም ልሞክር» አለች። «አንድ ዱባ ስጡኝ። እጄ ከወንበር ያንሳል ካላችሁ በዓይኔ ልይ።»

ማንም አልሳቀባትም። ከሾፌሩ ጀርባ፣ ከሂባ ወንበር ጎን ተቀመጠች፤ ጋዲሴ የእሷንም ቀበቶ ከወንበሩ ልብስ ሥር አውጥታ አሰረችላት። ሦስተኛውን ዱባ ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። በሁለት ክንዷ ከበበችው፤ ጣቶቿን አቆላለፈች፤ እግሯን ወለሉ ላይ ተከለች። ጠንካራ ወጣት ናት፤ ውሃ ስትቀዳ ሃያ ሊትር ጄሪካን በአንድ እጇ የምታነሳ። ጋዲሴ ማየት ስለፈለገች ከኋላ ገብታ ተቀመጠች።

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አለ አይመን። «ፍሬን ከመያዜ በፊት እናገራለሁ።»

«ተናገር።»

ቀስ ብሎ ነዳ። «አሁን!» አለና ፍሬን ያዘ። ዱባው የዋፋን ጣቶች ፈልቅቆ ወጥቶ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ጋር ተላተመና ከሥሯ ተንከባለለ።

ዋፋ ክንዶቿ ባዶ ሆነው፣ አሁንም ዱባውን እንዳቀፉ ተዘርግተው፣ ቁጭ አለች። ዞር ብላ ጋዲሴን አየቻት።

«አጥብቄ ይዤው ነበር» አለች።

«አውቃለሁ» አለች ጋዲሴ።

«አሁን ብሎኛል። እያወቅኩ ነበር። አጥብቄ ይዤው ነበር፣ አዴ ጋዲሴ።»

ጋዲሴ መልስ ልትሰጣት ብላ አለቀሰች። ዋፋ ግራ ገባት፤ አይመንም ወንበሩ የተበላሸ መስሎት ደነገጠ። ጋዲሴ ስታለቅስ ታይታ አታውቅም። ደስታዋ ነው ያስለቀሳት፤ ግን ይሄን ለማስረዳት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት መጀመር ነበረባት። ጀመረችም። እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ፣ ዱባው እግራቸው ሥር ወድቆ፣ ስለ በሬውና ስለ አውቶቡሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገረች። ዋፋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ ከዚያ ወርዳ ሂባን አመጣችና ራሷ ወንበሩ ውስጥ አስቀመጠቻት። ማሰሪያውን ቆለፈች። ጣቷን ከሥሩ አስገብታ ለካች።

«ይበቃል?» አለች።

«ይበቃል» አለች ጋዲሴ።

አርብ ጠዋት መናኸሪያው ግማሹ ሊሸኛቸው ወጣ። ሂባ ፊቷ ወደ ኋላ፣ በመጋረጃዋ ጥላ ሥር፣ ገና ሞተሩ ሲነሳ አንቀላፍታ ነበር፤ ዋፋ ከጎኗ ሆና እጇን ታውለበልባለች። «ጀርባዋን ለመንገዱ፣ ፊቷን ለእኛ ሰጥታ የሄደች እንግዳ ዛሬ ገና አየሁ» አለች ጥሩሰው። ሚኒባሱ በአሶሳ መንገድ እስኪሰወር ድረስ ጋዲሴ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ስልኳን አወጣች። ሌንጂሳ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው።

«እማ፣ ምነው በጠዋቱ? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ያ የግንባርህ ነገር… አውቶቡሱ ውስጥ። ያን ቀን አጥብቄ ይዤህ ነበር።»

ሌንጂሳ «አውቃለሁ እማ» አላት። «አልያዝሽውም ያለሽ ማን ነው?»

ጋዲሴ አሰበች። ባሏን አሰበች፣ ሾፌሩን፣ የአውቶቡሱን ተሳፋሪዎች፣ ቁስሉን የሰፋውን ሐኪም፤ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈለገች።

«ማንም» አለችው።

ስልኩን ዘግታ ምላጯን አነሳችና፣ ተራ ይዘው ከቆሙት ሚኒባሶች ወደ መጀመሪያው ሄደች፤ ሾፌሩን ቀስቅሳ አስወረደችውና የቀበረቻቸውን ቀበቶዎች ማውጣት ጀመረች።